ድንጋይ ለቀማ በላይም ሪጂስ

ላይም ሪጂስ ባቡር አይገባም። ከለንደን ዋተርሉ ተነስተን አክስሚንስተር የምትባል ትንሽ ጣቢያ ወረድን። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ነው። ድሮ ከተማው ድረስ የሚሄድ ሐዲድ ነበር፤ በ1965 ተዘጋ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) አውቶቡሱ ጠባቡን ቁልቁለት ሲወርድ ባሕሩ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ድንገት ብቅ አለ። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ እየው! እየው!» እያለ ከመቀመጫው ተነሳ።

ማሙሽ 9 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ለንደን ስለሆነ አማርኛው ትንሽ ይኮላተፋል። የዳይኖሰር ስም ሲጠራ ግን አይደናቀፍም። በጥቅምት መጨረሻ፣ በትምህርት ቤቶች የዕረፍት ሳምንት፣ እዚህ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ስለ ቅሪተ አካል ንግግር፣ ልጆች የሚነካኩት ጠረጴዛና የባሕር ዳርቻ ጉዞ እንዳለ ሰምቶ ነዘነዘን። እናቱ መጀመሪያ እሺ አላለችም። «በዚህ ብርድ ሄጄ ድንጋይ ልለቅም ነው እንዴ?» አለች። በኋላ ግን ሻይ በፔርሙዝ ሞልታ ተከተለችን።

ላይም ሪጂስ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ዶርሴት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጁራሲክ ኮስት የሚባለው ጠረፍ በእሷ በኩል ያልፋል። ጠረፉ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ገደሎቹ የ185 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ተሸክመዋል። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከተማዋም በዚህ ትኮራለች፤ የባሕር ዳሩ የመንገድ መብራቶች ሳይቀሩ የአሞናይት ቅርጽ አላቸው። አሞናይት እንደ ገመድ የተጠቀለለ ዛጎል ውስጥ ይኖር የነበረ፣ የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሰሮቹ ጋር አብሮ ጠፋ። ማሙሽ እያንዳንዱን ምሰሶ በእጁ እየነካ ሲቆጥር ሙዚየሙ ደጅ ደረስን።

ሙዚየሙ የቆመው ባሕሩ አፍ ላይ ነው። ሕንፃው የተሠራው በ1901 ነው። ዝነኛዋ ቅሪተ አካል ፈላጊ ሜሪ አኒንግ በ1799 የተወለደችበት ቤት የነበረው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። በ2017 የተከፈተው አዲሱ ክንፍ በስሟ ይጠራል። መስኮቱ ጋ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ማዕበሉ ግንቡን ይመታል። በእሷ ዘመን ውኃው ቤታቸው ድረስ ይገባ ነበር።

የሜሪን ታሪክ ከዚህ በፊት በቁንጽል ሰምቼ ነበር። ቦታው ላይ ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው። አባቷ አናጢ ነበር። ጎን ለጎን ከገደሉ የወደቀ ቅሪተ አካል እየለቀመ ለሽርሽር ለመጡ እንግዶች ይሸጣል። ልጆቹንም ይዟቸው ይወጣ ነበር። በ1810 ሲሞት ለቤተሰቡ ያወረሰው ዕዳ ነበር። ሜሪ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሟ ጆሴፍ ከገደሉ ሥር አንድ ትልቅ የራስ ቅል አገኘ፤ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። የቀረውን አጽም ሜሪ ዓመት ሳይሞላ ፈልጋ አገኘችው። ሰው አዞ መስሎት ነበር። በኋላ ኢክቲዮሳውር የሚል ስም ወጣለት፤ የዓሣ መልክ ያለው፣ ዓይኑ ሳሕን የሚያህል የባሕር ተሳቢ እንስሳ ነው።

የአካባቢው ባለርስት ወደ 23 ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። አጽሙ ለንደን ሄደ፤ ሕዝቡም ጉድ እያለ አየው። በ1819 ብሪቲሽ ሙዚየም ገዛው። የራስ ቅሉ ዛሬም ለንደን ውስጥ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ።

ታች ባለው ክፍል አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ከኋላው ነጭ ፀጉር ያላቸው አንዲት በጎ ፈቃደኛ እናት ቆመዋል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ «አትንካ» የሚባል ነገር የለም። ለማሙሽ አንድ ቡናማ፣ ጠምዘዝ ያለ ድንጋይ ሰጡትና «ምን ይመስልሃል?» አሉት። አገላብጦ አየው። አሸተተው። ጥርስ ነው አለ፣ ከዚያ አጥንት ነው አለ። ሴትዮዋ ማጉያ መነጽር አቀበሉትና «ውስጡን እየው፣ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ነገሮች አሉ» አሉት። የዓሣ ቅርፊት ነው። ማሙሽ የያዘው ድንጋይ የሆነ ኩስ ነበር፤ 200 ሚሊዮን ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው።

ልጁ ድንጋዩን አልጣለውም፤ ይልቁንም አጥብቆ ያዘው። «ምን እንደበላ ይታወቃል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ደስ አላቸው። ሜሪም ያስተዋለችው ይህንኑ ነበር። እነዚህ ድንጋዮች ኢክቲዮሳውሮቹ ሆድ አካባቢ እየተገኙ ሲያስቸግሯት ሰብራ አየቻቸው። ውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት አለ። የኦክስፎርዱ መምህር ዊሊያም ባክላንድ በ1829 ኮፕሮላይት የሚል ስም ሰጥቶ ለዓለም አስተዋወቀው።

አጠገቡ እንደ ጥይት ሹል የሆኑ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ቤሌምናይት ይባላሉ። የስኩዊድ ዘመድ የሆነ እንስሳ ውስጣዊ አካል ናቸው። ከእነሱ ጋር የተያያዘው ታሪክ ከጠረጴዛው ሁሉ ይበልጥ ልቤን ነካው። ሜሪ በአንዳንዶቹ ውስጥ የደረቀ የቀለም ከረጢት አገኘች። ኤሊዛቤት ፊልፖት የምትባል ወዳጅ ነበረቻት፤ እሷም ቅሪተ አካል ሰብሳቢ ናት። ኤሊዛቤት ያንን ደረቅ ቀለም በውኃ በጥብጣ የኢክቲዮሳውር ራስ ሣለችበት። አስቡት እስቲ። እንስሳው ጠላቱን ለማደናገር የያዘውን ቀለም ሚሊዮን ዓመታት ቆይተው ሁለት ሴቶች ብዕር ነከሩበት።

ከሰዓት በኋላ ንግግሩ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እኛ የደረስነው የመጨረሻዎቹ ወንበሮች ላይ ነው። ተናጋሪው የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። ስለ አጥንት ያወራል ብዬ ስጠብቅ ስለ ስም አወራ። በ1814 ስለ ሜሪ ኢክቲዮሳውር መጀመሪያ የጻፈው ኤቨራርድ ሆም የሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። የልጅቷን ስም አላነሳም። አጽሙን ከድንጋዩ ያጸዱትን እንኳ ሲያመሰግን፣ ያመሰገነው አጽሙን ለሕዝብ ያሳየውን ቤት ሠራተኞች ነው። በ1823 መጨረሻ ላይ ሜሪ ፕሌዚዮሳውር የሚባለውን የባሕር ተሳቢ እንስሳ የመጀመሪያውን የተሟላ አጽም አገኘች። አንገቱ ከመርዘሙ የተነሳ ፈረንሳዊው ሊቅ ዦርዥ ኩቪየ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው ብሎ ጠረጠረ። ኋላ ግን መሳሳቱን አመነ። በየካቲት 1824 ዊሊያም ኮኒቤር አጽሙን ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር አቀረበ። የሜሪ ስም እዚያም የለም። እሷም ስብሰባው ላይ አልነበረችም፤ ማኅበሩ ሴት አባላትን የተቀበለው በ1919 ነው። ሜሪ ከሞተች 72 ዓመት አልፏል።

ተናጋሪው ደግነትንም አልደበቀም። በ1820 ቤተሰቡ ለቤት ኪራይ የቤት ዕቃውን ሊሸጥ ሲል ቶማስ በርች የሚባል ሰብሳቢ የራሱን ስብስብ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለእነሱ ሰጠ፤ 400 ፓውንድ ነበር። ወዳጇ ሄንሪ ደ ላ ቢሽ በ1830 በግኝቶቿ ላይ ተመሥርቶ የጥንቱን ባሕር ሣለና የሥዕሉ ቅጂዎች ተሽጠው ገቢው እንዲደርሳት አደረገ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ሜሪ በዚያ ሥራ ትገፋ ነበር ብዬ አላምንም።

እኔ ግን ንግግሩን እየሰማሁ ሐሳቤ ሀዳር ሄደ። ድንቅነሽ በኅዳር 1974 ተገኘች፤ ይህንን ሕፃን ያውቀዋል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው እዚያው ሀዳር ላይ የሰው ዘር ቅድመ አያቶችን መንጋጋዎች ያገኙት አለማየሁ አስፋው ናቸው። ስማቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ፀሐይ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው ዓይን ባይኖር መጽሐፍ ላይ የሚወጣው ስም ከየት ይመጣል? ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ጠዋት የባሕር ዳርቻው ጉዞ ነበር። መነሻ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ውኃው ሲሸሽ ይወጣል፣ ሳይመለስ በፊት ይገባል። አስጎብኚያችን ቡትስ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰ ወጣት ናት። መዶሻ ይዛለች፤ መዶሻውን ግን ቶሎ አላወጣችውም። መጀመሪያ ገደሉን እንድናይ አደረገችን።

ገደሉ እንደ ድርብ ኬክ ነው። አንድ ረድፍ ግራጫ የኖራ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር ጭቃማ ድንጋይ፣ ደግሞ የኖራ ድንጋይ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ብሉ ሊያስ ይሉታል። ሞቃት ባሕር ወለል ላይ የረጋ ደለል ነው፤ ዕድሜው ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። (የአባይ በረሃ ገደል ላይ የምናየው የኖራ ድንጋይም በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። እዚያ ስወርድ ለምን ቆም ብዬ እንዳላየሁት ቆጨኝ።) ገደሉ ለስላሳ ስለሆነ ዝናብና ማዕበል ሁልጊዜ ይንደዋል። ቅሪተ አካል የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። አደጋውም ከዚያው ይመጣል። በግንቦት 2008 ከከተማዋ በስተምሥራቅ 400 ሜትር የሚሆን ጠረፍ በአንድ ጊዜ ተናደ። ሜሪ ራሷ በ1833 ለትንሽ ተርፋለች፤ ሁልጊዜ የሚከተላት ውሻዋ ትሬይ ግን አጠገቧ ናዳ ወድቆበት ሞተ።

ስለዚህ ሕጉ ግልጽ ነው። ገደሉ ሥር አትቆምም፣ ገደሉን አትቆፍርም። ዳርቻው ላይ የወደቀውን ማንሳት ትችላለህ። ለሳይንስ የሚጠቅም ብርቅ ነገር ካገኘህ ደግሞ ታስመዘግባለህ። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። ባይነሳ ክረምቱ አድቅቆት ባሕሩ ይወስደዋል።

ከዚያ ወደ ለቀማው ገባን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ሁሉም ትልቁን ድንጋይ መስበር ይፈልጋል። ማሙሽም እንደዚያው፤ መነጽሩን አድርጎ መዶሻውን ሲያነሳና ሲጥል ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ያገኘው ድንጋይ ብቻ ነው። አስጎብኚዋ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ጠጠሩን በመዳፏ ጠረግ አደረገች። ከትናንሾቹ አሞናይቶች ብዙዎቹ ወደ ፓይራይት የተለወጡ ናቸው አለችው። ፓይራይት ብረትና ድኝ የተዋሃዱበት፣ ወርቅ የሚመስል ማዕድን ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስላልነበረ ባክቴሪያዎች የፈጠሩት ድኝ ከብረት ጋር ተገናኝቶ የዛጎሉን ቦታ ያዘ። ፓይራይት ደግሞ ከባድ ነው። ማዕበሉ ቀላሉን ጠጠር ይዞ ሲሄድ ከባዱን አንድ ቦታ ጥሎት ያልፋል። አንድ ካገኘህ ሌላው እዚያው አካባቢ ነው።

እህቴ ይህን ሰማች። እስከዚያ ድረስ እጇን ኪሷ ከትታ ፔርሙዟን በክንዷ አቅፋ ቆማ ነበር። «እንዴ፣ ባሕሩ እኮ ያንጓልላል ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ፔርሙዙን ሰጠችኝና ጠጠሩ ላይ ጎንበስ አለች። ቤታችን ስናድግ ምስር የምትለቅመው እሷ ነበረች። እናታችን ሌላ ሰው አታምንም ነበር፤ እሷ የለቀመችው ምስር ጥርስ አይሰብርም። ሳትቸኩል፣ ጣቷን እንኳ ሳትዘረጋ፣ በዓይኗ ብቻ ጠጠሩን ረድፍ በረድፍ አየችው። አምስት ደቂቃም አልሞላ።

«ማሙሽ፣ ና ወዲህ። እዚያ፣ ከነጩ ድንጋይ በስተቀኝ። አትሩጥ።»

ልጁ መጀመሪያ አላየውም። በኋላ አየው። ሁለት ጣቶቹን ልኮ አነሳውና መዳፉ ላይ አደረገው።

ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ግማሹ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ሌላው ግማሽ እንደ አሮጌ ነሐስ ያበራል። ማሙሽ በምራቁ አርሶ በአውራ ጣቱ አሸው። ያኔ ጎድን ጎድኑ ወጣ። ከውጭ ሰፋ ሰፋ ብለው የጀመሩት መስመሮች ወደ ውስጥ ሲዞሩ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ መሐሉ ላይ መርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ትቀራለች። እንስሳው ሕፃን ሳለ የኖረባት ክፍል ያቺ ናት። ሲያድግ ሰፋ ያለ ክፍል ይጨምራል፣ ወደ እሱ ይዛወራል፣ የኋላውን ይዘጋል። መዳፌ ላይ ሳደርገው በመጠኑ ካሰብኩት በላይ ከበደኝ። ቀዝቃዛ ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በእጁ ይዞ ዝም የማይል ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ሦስታችንም ዝም አልን።

አስጎብኚዋ መጥታ አየችውና እህቴን «የማን ዓይን ነው ይሄ?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ለልጁ ሁለት ነገር ነገረችው። አንደኛ፣ ጨው ፓይራይትን ይበላዋል፤ ቤት ስትደርስ በንጹሕ ውኃ እየቀያየርክ ዘፍዝፈው፣ በደንብ አድርቀው፣ እርጥበት ያለበት ቦታ አታስቀምጠው። ካልሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ። ሁለተኛ፣ ወረቀት ቆርጠህ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳገኘው ጻፍና አብረህ አስቀምጥ። የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ቅሪተ አካል ጌጥ ነው፤ የሚነግርህ ነገር ግን የለም።

ውኃው መመለስ ጀምሮ ስለነበር ወደ ከተማው ተመለስን። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ኮብ ከሚባለው ከጥንቱ የወደብ ግንብ ወዲያ፣ መንኮራኩር የሚያህሉ አሞናይቶች የሞሉበት የድንጋይ ወለል አለ። እዚያ ያለው አይነሳም፤ ለማየት ብቻ ነው። ጊዜ አልበቃንም። ለእሱ ስል ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ግን ሜሪ ጋ ሄድን። የተቀበረችው ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከወንድሟ ከጆሴፍ ጋር ነው። በጡት ካንሰር ሞታ በ1847 ስትቀበር 47 ዓመቷ ነበር። ከመቃብሯ ላይ ባሕሩ ይታያል። ሰዎች ድንጋዩ ላይ ትናንሽ ጠጠሮችና ዛጎሎች ትተውላታል። ወረድ ስንል ሐውልቷን አገኘነው፤ መዶሻዋን ይዛ፣ ቅርጫት አንግታ ትራመዳለች፤ ትሬይም አብሯት አለ። ሐውልቱ በ2022፣ በልደቷ ቀን ተመረቀ። እንዲቆምላት ዘመቻውን ያስጀመረችው አንዲት ተማሪ ልጅ ናት። ማሙሽ ይህን ሲሰማ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለ። ዘመቻውን ስትጀምር ካንተ ብዙም አትበልጥም ነበር አልኩት። የውሻውን ራስ ዳብሶ መንገዱን ቀጠለ።

ከአክስሚንስተር ስንነሳ ባቡሩ ባዶ ነበር። ማሙሽ ጠረጴዛ ያለው ወንበር መርጦ ተቀመጠ። አሞናይቱን ከሶፍት ፈታው። ከእኔ ማስታወሻ ደብተር አንድ ቅጠል ተቀደደለት። በአማርኛ ነው የምጽፈው አለ፤ ማንም አላዘዘውም። አሞናይት በየትኛው አ እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ላይም ሪጂስ የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዞ ጻፈው። ቀኑን ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አፉ ውስጥ ከቶ ትንሽ አሰበ። እናቱ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ጥፍሯ ሥር አሁንም ጥቁር ጭቃ አለ።

«አጎቴ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ያነሳሁት እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ፣ አንተ ነህ።»

አንገቱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ተደፋ። ሲጨርስ አዙሮ አሳየኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ ፊደሎቹ ተለቅ ተለቅ ብለው፣ «ያየችው፦ እማዬ። ያነሳው፦ እኔ» ይላል።